የስንቅነሽ ባለ አበባ ፍሪጅ

ከእኛ ረድፍ የቤት ዕቃ ሊገዛ የሚወጣ ሰው አንዲት አባባል ሳትወረወርበት በሩን አያልፍም። ልጆቹ ዛሬ ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል፤ አንዳንዱም ከአያቱ ሰማሁ ይላል። አባባሏ ግን የጥንት አይደለችም። የተወለደችው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በባቡር ሠራተኞች ረድፍ ቤቶች፣ በእኔ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። ያየነው ሰዎችም ገና አለን።

ነገሩ የተጀመረበት ጠዋት እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። ፀሐይ ሳትበረታ ተነሣሁ። ከደጄ የረገፈውን የኒም ዛፍ ቅጠል ጠረግሁ። ወደ ማዕድ ቤት ገብቼ ፍሪጁን ከፈትሁ፤ በውስጡ አንድ ጠርሙስ ውኃ፣ ግማሽ ሎሚና ከትናንት የተረፈ ጥቂት ወጥ ነበር። ውኃውን ጠጥቼ በሩን መልሼ ዘጋሁት። የበሩ እጀታ የወይራ እንጨት ነው። የፋብሪካው እጀታ የተሰበረ ጊዜ ባለቤቴ ፈለቀ ጠርቦ፣ በጠርሙስ ስባሪ ልጎ የገጠመው ነው። ፈለቀ ካረፈ ወዲህ ፍሪጁን የምከፍተው እኔ ብቻ ነኝ። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቴ ስንቅነሽ ወተቷን ከጀሪካን ወደ ማሰሮ ስትገለብጥ ይሰማኛል።

ስለ ረድፋችን ፍሪጆች ጥቂት ካልተናገርሁ ታሪኩ አይገባም።

የረድፋችን አባወራዎች የባቡር ወርክሾፕ ሰዎች ነበሩ። በወርክሾፑ ሥራ ያቆመ ሞተር አይጣልም፤ ጥግ ይቆምና ከሱ እየተፈታ ለሌሎቹ ይሰጣል። ሰዎቹ ይህን ልማድ ወደ ቤታቸው ይዘውት መጡ። ፍሪጅ መግዛት የሚቻልበት ጊዜ ሲደርስ ፈለቀ ጎረቤቶቹን ኒሙ ጥላ ሥር ሰበሰባቸውና «ሁላችንም አንድ ዓይነት እንግዛ» አላቸው። «አንዱ ቢሞት እንኳ ለሌሎቹ ይተርፋል።»

«እኔ ግን ቀይ ቀለም ያለው ነው ደስ የሚለኝ» አለ አንዱ።

«ወንድሜ፣ ስትታመም ቀለም አያስታምምህም» አለው ፈለቀ።

ሁሉም ሳቁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ገዙ። ነጭ፣ ከባድ፣ ትከሻው ክብ የሆነ፣ ሰው ለውበቱ ብሎ የማይገዛው ፍሪጅ ነበር። በኋላ ዳር ያለው ቤት ፍሪጅ ዝጎ ጨርሶ ሲሞት፣ ሞተሩ መሐል ላሉት ሆነ፤ የበሩ ጎማ ለእማማ ወርቅያንሱ፣ ቅዝቃዜውን የሚመጥነው ቴርሞስታት ለእኛ። መደርደሪያው እስካሁን በረድፉ ጫፍ የዕቃ ማድረቂያ ሆኖ ያገለግላል። እንግዳ ከቤት ቤት ሲዞር አንድ ፍሪጅ የሚከተለው እየመሰለው ይስቃል። እኛ ግን እንኮራበት ነበር፤ እኔ ዛሬም እኮራበታለሁ። ድሬዳዋ በምትነድበት ወር እንኳ፣ በእኛ ረድፍ ለእንግዳ የሞቀ ውኃ ቀርቦ አያውቅም።

የስንቅነሽም ፍሪጅ ከነዚሁ አንዱ ነበር፤ ከአማቷ የወረሰችው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። እሷ በደጇ እርጎና የማንጎ ጭማቂ ትሸጣለች። እጇ ንጹሕ ነው፣ ምላሷ ስለታም ነው፣ እርጎዋን ደግሞ የሚያማ ሰው አልሰማሁም።

ያን ጠዋት ፍሪጁን ዘግቼ ከማዕድ ቤት ሳልወጣ ድምፅዋ መጣ።

«ቲቸር! ቲቸር፣ ይውጡ፤ አንድ ነገር ያያሉ!»

ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምር ስለነበር ረድፉ በሙሉ ቲቸር ነው የሚለኝ። ወጣሁ። ደጃችን ላይ አንድ ፒክአፕ ቆሟል። ሁለት ሸካሚዎች አዲስ ፍሪጅ እያወረዱ ነው፤ በሩ ደማቅ ቀይ፣ በቀዩ ላይ የሰሃን ያህል የሚሰፉ ነጭ አበቦች፣ ከአበቦቹ በላይ ቅዝቃዜውን በቁጥር የሚያሳይ ሰማያዊ መብራት። አሮጌው ፍሪጇ ደግሞ መኪናው ላይ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል።

«አሮጌው ምን ሆኖ ነው?» አልኋት።

«ምንም አልሆነም፤ አርጅቷል። አሮጌውን ሰጥቼ ትንሽ ጨመርሁ፣ በቃ! በነፃ በሉት። ቲቸር፣ ያ ፍሪጅ እኮ ደንበኛ ከበር ሲያየው ከሆስፒታል የወጣ ነው የሚመስለው። ሰው መጀመሪያ የሚጠጣው በዓይኑ ነው።»

በዚህ አልተሳሳተችም ነበር፤ ሰው በዓይኑ ይጠጣል።

በዚህ መካከል እማማ ወርቅያንሱ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረሱ። በረድፋችን የእማማን ጥያቄ ሳያልፍ የታጨ ወንድ፣ የታጨች ሴት የለም። አባቱ ማነው፣ እናቱ የማን ልጅ ናት፣ ከየት መጡ፣ ቢታመም ማን ያስታምመዋል፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ፍሪጁን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ቀዩን በር በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ከመኪናው ጋር ወደመጣው ሻጭ ዞሩ። ሻጩ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ፈገግታ የማይለየው ወጣት ነው።

«ስሙ ማን ይባላል?» አሉት።

የፍሪጁን ስም ነገራቸው። ማናችንም ሰምተነው አናውቅም።

«አገሩስ?»

«የውጭ ነው፣ እማማ።»

«ውጭ ሰፊ ነው፣ ልጄ። ከውጭ የት?»

«ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ነበር።»

«ካርቶኑስ?»

«ተጣለ።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘመድስ አለው?»

ሻጩ ሳቀ፤ ሸካሚዎቹም ሳቁ። «እንዴ፣ እማማ! ፍሪጅ ምን ዘመድ ያስፈልገዋል?»

«በዚህ ከተማ እሱን የሚመስል ሌላ አለ ወይ ነው የምልህ። ጎማው ቢላላ ጎማ የሚሰጠው፣ ሞተሩ ቢደክም ሞተር የሚያውሰው።»

«አዲስ እኮ ነው! አይበላሽም።»

«ሙሽራም አዲስ ነው፤ ግን ይታመማል።»

«ዋስትና አለው፣ እማማ፣ ዓመት ሙሉ!»

«ዋሱ ማነው?»

እዚህ ላይ ስንቅነሽ ትዕግሥቷ አለቀ። «እማማ ደግሞ! ሊያገቡት ነው እንዴ እንዲህ የሚመረምሩት?»

«እኔማ አርጅቻለሁ» አሉ እማማ። «የምጠይቀው ላንቺ ነው። የምታገቢው አንቺ ነሽ።»

ረድፉ ሁሉ ሳቀ፤ ስንቅነሽም ሳቀች፤ መኪናውም አሮጌውን ይዞ ሄደ።

ለጊዜው ስንቅነሽ ረታች ማለት ይቻላል። አበቦቹን ለማየት የማይመጣ አልነበረም። ወጣቶች ከሌላ ሠፈር እየመጡ ፍሪጁ አጠገብ ፎቶ ይነሣሉ፤ ፎቶ የተነሣ ሁሉ ጭማቂ ይጠጣል። እኔን ባየች ቁጥር «ቲቸር፣ ዘመዱ እኮ እኔ ነኝ» ትላለች። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ነኢማ የምትባል የታወቀች የጨርቅ ነጋዴ ልጇን ልትድር ሆነና የሰርጉን እርጎና ጭማቂ ለስንቅነሽ ሰጠቻት። ስንቅነሽ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም። የወይዘሮ ነኢማ ሰርግ ላይ የከተማው ነጋዴ ሁሉ ይገኛል። እርጎው ካማረ፣ ከዚያ በኋላ ስንቅነሽ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ ደንበኛ አትጠብቅም፤ ሰርጉ ራሱ ፈልጎ ይመጣል። በሰርግ ላይ የሞቀ፣ የመረረ እርጎ ያቀረበች ሴት ደግሞ በድሬዳዋ ሁለተኛ ወተት ባትገዛ ይሻላታል።

ሰርጉ ደረሰ። ወተቱ ተገዛ፣ ረጋ። ቀዩ ፍሪጅ እስከ አፉ ሞላ።

በረድፋችን መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ያየው ሰው «ሄደ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሁሉም ቤት የፍሪጁን ሶኬት ይነቅላል። መብራት ሲመለስ እንደ ጎርፍ እንደሚመጣ ፈለቀና ጓደኞቹ አስተምረውናል። በሰርጉ ዋዜማም ከሰዓት መብራት ሄደ፤ ተጮኸ፤ ነቀልን። ስንቅነሽ ግን አልነቀለችም። ሻጩ «ይህኛው ራሱን ይጠብቃል» ብሏታል። መብራቱ ሲመለስ ሰማያዊው ቁጥር ብልጭ አለ፣ ብልጭ አለና ጠፋ። ከዚያ በኋላ አልበራም።

ሙክታር መጣ፤ የከተማውን ፍሪጅ ግማሽ የሚጠግን ሰው ነው። ፍሪጁን ከኋላው ከፈተና ከሞተሩ አጠገብ የእጅ መዳፍ የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ካርድ አውጥቶ አሸተታት።

«ሞተሩ ደህና ነው» አለ። «ጋዙም አለ። የተቃጠለችው ይህች ናት። እሷን ካገኘሁ አሁኑኑ ይነሣልሻል።»

«ታዲያ አግኛት!»

«ከየት? የዚህን ዓይነት ፍሪጅ የከፈትሁት ዛሬ ነው።»

ከተማ ውስጥ ላሉት ባለሱቆች ደወለ፤ አዲስ አበባ ላለው ወዳጁም ደወለ። ሁሉም የፍሪጁን ስም ደግሞ እንዲነግራቸው ይጠይቁታል፤ ከዚያ «አናውቀውም» ይላሉ። የሌላ ፍሪጅ ካርድ አምጥቶ ሞከረ፤ አልገጠመም። ስንቅነሽ ነጠላዋን አነሣችና «ቲቸር፣ አብረውኝ ይምጡ፤ ብቻዬን ከሄድሁ ሰው እገድላለሁ» አለችኝ። አብሬያት ሄድሁ።

ሻጩ በፈገግታ ተቀበለን።

«ዋስትናው አለ» አለ።

«ካለማ ሥራዋ!»

«ዋስትናው አለ፣ እህቴ፤ የሌለው ካርዱ ነው። ያ ሞዴል ተቋርጧል፤ ፋብሪካውም አሁን ሌላ ዕቃ ነው የሚሠራው ይባላል። ግን አዲስ የገባልን አለ፤ በሩ ሰማያዊ ሆኖ ዓሣ ያለበት። ላንቺ አስተያየት አደርጋለሁ።»

«ዓሣህን ጥበስና ብላው!» አለችው። «አሮጌውን ፍሪጄን መልስልኝ።»

«የዚያኑ ለት ተሸጠ እኮ! መኪናው ላይ እንዳለ ነው የተነጠቅሁት።»

ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል አለፍን። አንድ የውኃና የለስላሳ መሸጫ ደጃፍ ላይ ስንቅነሽ ቀጥ ብላ ቆመች። አሮጌው ፍሪጇ ነው። ልጇ ሕፃን ሳለ በምስማር የጫረው የፀሐይ ሥዕል ከጎኑ አልጠፋም። ባለቤቱ ወፈር ያለ፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። ፍሪጁን መልሳ ልትገዛው እንደምትፈልግ ነገረችው።

«ይህንንማ አልሸጥም፣ እህቴ» አላት። «እርግጥ መልኩ አያምርም። ግን ጎማው የትም ይገኛል፣ ሞተሩ የትም ይገኛል። እንዲያውም ሌላ እንደዚህ ያለ ካያችሁ ጠቁሙኝ፤ ለመለዋወጫ አስቀምጠዋለሁ።»

ስንቅነሽ የፀሐዩን ሥዕል በጣቷ ዳሰሰችው። ውኃ ገዛች። ቆማ ጠጣችና ጠርሙሱን ግንባሯ ላይ ያዘችው።

«ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ስንደርስ እማማ ወርቅያንሱ በስንቅነሽ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ፊታችንን አዩ። «ብዬሽ ነበር» ይሏታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላሉም። ምርኩዛቸውን ደገፍ ብለው ተነሡና በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ወደ ረድፉ መሐል ሄደው ጮኹ።

«ውኃችሁን አውጡ! ቅቤያችሁን አውጡ! የስንቅነሽ እርጎ ሊገባ ነው!»

ረድፉ ያን ጊዜ ያደረገውን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ይቅር በሉኝ። ማንም አላንገራገረም። አንዷ ለእሑድ ያስቀመጠችውን ሥጋ አውጥታ እዚያው ድስት ላይ ጣደችው። ሌላዋ ቅቤዋን በባልዲ ውኃ ውስጥ አስቀመጠችው። በሮች ተከፈቱ፤ ማሰሮና ጆግ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በየቤቱ ገባ። የእኔ ፍሪጅ ባዶ ነው ማለት ስለሚቻል ብዙውን የወሰደው እሱ ነው። ጠርሙሴንና ሎሚዬን አውጥቼ መስኮት ላይ አስቀመጥሁ። መብራቱ እንደገና ሲሄድ፣ ስንቅነሽ ራሷ ከሁላችን ቀድማ «ሄደ!» ብላ ስትጮህ ሰማኋት።

በሰርጉ ጠዋት እርጎው ከየቤቱ ወጣ። ወይዘሮ ነኢማ ራሷ ልትረከብ መጥታ ነበር፤ ከአንዱ ጆግ ቀመሰች፣ ከሌላው ቀመሰች።

«ይህን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያቀዘቅዝ ምን ዓይነት ፍሪጅ ነው ያለሽ?» አለቻት።

«ነጭ ነው» አለች ስንቅነሽ። «ትከሻው ክብ ነው።»

እኛ በየበራችን ቆመን ሳቃችንን ዋጥን።

ሰርጉ አማረ፤ እርጎው ተመሰገነ። ሌሎች ሰርጎች ወዲያው ተከትለው መጡ። ስንቅነሽ ግን ከሰርጉ በኋላ የመጨረሻውን ማሰሮ ከእኔ ቤት ልትወስድ ስትመጣ ደስተኛ አልነበረችም። የፍሪጄን መደርደሪያዎች በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«ወተቱን ልተወው ነው፣ ቲቸር።»

«ሰው ሁሉ እየፈለገሽ?»

«ምን ላድርግ? አንድ ቀን ሰው ፍሪጁን ያውሳል። በየቀኑ ሥጋሽን አውጪልኝ፣ ቅቤሽን አውጪልኝ እያልሁ በየቤቱ ልዙር? እኔም አላፍር፣ እነሱም አይሰለቹ?»

እውነቷን ነበር። ጨርሳ ስትወጣ ጠርሙሴን ከመስኮቱ አነሣሁና ወደ ቦታው መለስሁት። ሎሚውንም መለስሁ። ባዶውን መደርደሪያ ጥቂት አየሁት። ፈለቀ ኒሙ ሥር ያለውን አስታወስሁ። እሱ የተናገረው ሥራ ስላቆመ ፍሪጅ ነበር። የእኔ አላቆመም፤ በሚገባ ይሠራል። ሌት ተቀን የሚሠራው ግን ለአንድ ጠርሙስ ውኃ ነው።

ተከትያት ሄድሁ። ማሰሮዋን ገና አላስቀመጠችም።

«ፍሪጁን ውሰጂው» አልኋት።

«የትኛውን?»

«የእኔን። ከግድግዳ ወዲህ ወደ ግድግዳ ወዲያ ነው፤ ሩቅ አይሄድም። ጠዋት ጠዋት ውኃዬን ከአንቺ እወስዳለሁ።»

ማሰሮውን አስቀመጠች። «አይሆንም። የጋሽ ፈለቀ ነው!»

«የረድፉ ነው። እሱም እንደዚያው ነበር የሚለው።»

ብዙ ተከራከረችኝ። እኔ ግን ሠላሳ ተማሪ ሲከራከር ዝም ብዬ መጠበቅ የለመድሁ ሰው ነኝ። በመጨረሻ ዓይኖቿን ጠረገችና ሌላ ነገር አመጣች።

«እንግዲያው እጀታውን ሙክታር ይፍታልዎ። የሳቸው እጅ ሥራ ነው፤ እሱ እንኳ እርስዎ ዘንድ ይቅር።»

«ያለ እጀታ በምን ትከፍቺዋለሽ?»

«ሌላ ይገጠምለታል፣ ቲቸር።»

«ተይው» አልኋት። «የተሠራው ሊከፈትበት ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ሙክታርና ከመንገድ የገባው የስንቅነሽ ባል መጡ። ረድፉም ተሰበሰበ፤ የሚሸከመው ጥቂት፣ የሚያዘው ብዙ ነበር። «ቀስ! አታጋድሉት!» «እግሩን አንሣ እንጂ፣ አንተ!» «ሰውዬው፣ ሙሽራ እኮ ነው የተሸከምኸው፤ ፈገግ በል!» ቀዩን ፍሪጅ አስቀድመው አውጥተው ኒሙ ሥር አቁመውታል። የከሰል ማስቀመጫ ሊሆን ነው። በሩ ቢያንስ በደንብ ይዘጋል። አንዲት ዶሮ ወዲያው ጣራው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ሁሉም ወደ ስንቅነሽ ቤት ሲገባ እኔ ማዕድ ቤቴ ውስጥ ቀረሁ። እማማ ወርቅያንሱም ቀሩ። ፍሪጁ ቆሞበት የነበረው ወለል ከሌላው ይልቅ ንጹሕ ነው፤ አራት እግሮቹ የተዉት ምልክት ይታያል። ምልክቱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ቲቸር።»

«አቤት፣ እማማ።»

«ምን ጎደለ?»

«ፍሪጁ» አልኋቸው። «ፍሪጁ ብቻ ነው የጎደለው።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው የት ላይ መቁጠር እንዳለበት፣ የት ላይ መቆም እንዳለበት ያውቃል። ከግድግዳው ወዲያ ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁን ለየሁት። ስንቅነሽ እልል አለች፤ ረድፉ ተቀበላት። እማማ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ በመስኮቱ በኩል ኒሙ ሥር ወደቆመው ባለ አበባ ፍሪጅ ምርኩዛቸውን ቀሰሩና እንዲህ አሉ፦

«ዘመድ የሌለው ዕቃ፣ ሲታመም አበቃ።»